በአባት ስም የተላከ ምራቅ

አዛውንቱ ሰይዳክማት ጋጣው ውስጥ፣ በድንጉላ ፈረሳቸው እግር ሥር፣ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። የራስ ቅላቸው ከበስተኋላ ተሰብሯል። ፈረሱ እንደታሰረ ነው፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ልጥፍ አድርጎ መሬቱን ይደበድባል፣ ወደ አስከሬኑ ግን አይጠጋም።

መርማሪ ካሊማ ከካራኮል ከተማ ተጠርታ ስትደርስ መንደሩ ፈርዶ ጨርሷል። ከሐይቁ የተነሣው የጠዋት ጉም ገና አልተገፈፈም። አጥሩን የተደገፉት ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«ፈረሱ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል» አለ አንደኛው። «ይህ አውሬ አምና የእረኛውን ጎድን ሰብሯል።»

«ታዲያ ፖሊስ ምን ይሠራል? ፈረሱን በካቴና ሊወስዱት ነው?»

የሳቀ የለም።

ካሊማ ወደ ስልሳ የተጠጋች፣ አጭር፣ ግራ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ነገር ስታሰላስል ከኪሷ ጠጠር የመሰለ ደረቅ አይብ አውጥታ ትቆረጥማለች። ከአስከሬኑ በፊት ወደ ፈረሱ ሄደች። አንገቱን እየዳበሰች ተጠጋችና የኋላ እግሩን አንሥታ ኮቴውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«የኮቴውን ብረት ማን አወለቀለት?»

የጠየቀችው የሟቹን ልጅ ኤርሜክን ነው። ትከሻ ሰፊ፣ ሠላሳዎቹን የጀመረ ጎልማሳ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይጨምቃል።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ከተራራው ግጦሽ ከወረደ ወዲህ ባዶ እግሩን ነው። ለክረምት የሁሉንም እናወልቃለን።»

ካሊማ ወደ አስከሬኑ ዞራ እያቃሰተች ተንበረከከች። ቁስሉ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ጠርዙ ጥርት ያለ አራት ማዕዘን። ብረት ያልተመታበት ኮቴ ያደቅቃል እንጂ እንዲህ አይበሳም። ቀጥላ ፊታቸውን አየች። ዓይኖቻቸው ተከድነዋል። እጆቻቸው ከጎናቸው ተዘርግተዋል። ፊታቸው እንደ ሙስሊም ሟች ወግ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ዞሯል።

«ዓይናቸውን የከደንከው አንተ ነህ?»

«አልነካኋቸውም። ሳገኛቸው እንዲሁ ነበሩ።»

«ፊታቸውንም አላዞርክም?»

ኤርሜክ ባርኔጣውን መጨመቁን ተወ። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ሲገባው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ፈረስ የሟች ዓይን አይከድንም» አለች ካሊማ ግድግዳውን ይዛ እየተነሣች። ግድግዳው ላይ የኮቴ ሞረድ፣ ቢላዋና ጉጠት ተሰቅለዋል። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ምስማር ባዶውን ቀርቷል። «እዚህ ምን ነበር?»

«መዶሻው።»

«ይህን አሁን የተነጋገርነውን ለሚስትህም፣ ለአክስትህም፣ ለማንም አትንገር። ገባህ? ሰው ፈረሱን ይማ፤ ግድ የለም።»

ቤቱ በአፕል ዛፎች መካከል ያለ፣ መስኮቱ ሰማያዊ የተቀባ ቤት ነው። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ሟቹ የሚያርፉበትን የሱፍ ድንኳን መትከል ጀምረዋል። ካሊማ ወጥ ቤት ገብታ የኤርሜክን ሚስት ጃዝጉልን አገኘቻት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ንግግሯ እንደ መቀስ የሚቆርጥ ወጣት ናት።

«እኔን ከጠየቁኝ፣ እትዬ፣ ጥፋቱ ሁሉ ከእሷ ጋር ነው የመጣው» አለች በአገጯ ወደ ውጭ እያሳየች። ከዛፎቹ ሥር ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ማን ናት?»

«ቶልኩን ትባላለች። በጋውን ከናሪን መጥታ፣ ‹እናቴ ስትሞት የአባቴን ስም ነገረችኝ፤ እርስዎ ነዎት› ብላ ደጃችን ላይ ቆመች። አባባ ደግሞ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ልባቸው ቅቤ ሆኗል። ማባረር ሲገባቸው ሻይ ቀዱላት።»

«ተቀበሏት ማለት ነው?»

«መንጋውን ለሁለት እስከ መክፈል! እኔ ግን በወሬ አይሆንም፣ ይመርመር አልኩ። በስልኬ ቤት ውስጥ የሚሠራ የዘር መመርመሪያ አዘዝኩ፤ በፖስታ መጣ። ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ ዘንግ ማሸት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።»

«ላቦራቶሪውን ማን መረጠው?»

«እኔ ነኛ። ያቺ ልጅ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ያለው ይሻላል፣ እዚያ ፓስፖርት አይተው ምስክር ፊት ነው ናሙና የሚወስዱት እያለች ነበር። ለምን ስንል ያን ሁሉ መንገድ? እኔ ያገኘሁት ስም እንኳ አይጠይቅም። ፖስታው ላይ ‹አባት›፣ ‹ልጅ› ብሎ ጽፎ መላክ ነው። ሁለተኛ ልጅ ሲጨመር ደግሞ በነፃ ይሠራሉ። ኤርሜክንም ጨመርኩት።»

«ስለ ኤርሜክ ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። ግን ልጅ ማለት ይኸውና ተብሎ እንዲታወቅ ነዋ። እንዳልኩትም ሆነ፤ ኤርሜክ ልጅ፣ እሷ ባዳ።»

«ጉንጫቸውን ካሹ በኋላ ወዲያው አሸጋችሁት?»

«የለም፣ ሳይደርቅ ከታሸገ ይበላሻል ይላል። ሦስት ብርጭቆ ላይ ‹አባት›፣ ‹ኤርሜክ›፣ ‹ቶልኩን› ብዬ ጽፌ ዘንጎቹን አቆምኩና እዚያ መስኮት ላይ ተውኳቸው። ከዚያ ባዝሮቹን ላልብ ወጣሁ።»

«እዚህ ማን ቀረ?»

ጃዝጉል ትከሻዋን ሰበቀች። «ወጥ ቤት ነው፣ እትዬ። ሁሉም ይገባል፣ ሁሉም ይወጣል።»

ካሊማ ወደ ዛፎቹ ሄደች። ቶልኩን ልትነሣ ስትል በእጇ መልሳ አስቀመጠቻትና ከጎኗ ተቀመጠች።

«ወረቀቱ ልጃቸው አይደለሽም ካለ በኋላ ለምን አልሄድሽም?»

«ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ናቸው የያዙኝ። ‹ስትስቂ እናቴን ትመስያለሽ፤ ወረቀት እናቴን አያውቃትም› አሉኝ።» ቶልኩን መሬት መሬት ታያለች። «እንግዲያው ሐኪም ያንብበው አልኳቸው። ትናንት ወረቀቱን ይዘው ዶክተር ሳማርቤክ ዘንድ ሄዱ። ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነው።»

«ምን አሉ?»

«ምሳ ላይ አንዲት ነገር ብቻ። ‹ነገ ሁላችሁም ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ ቢሽኬክ እንሄዳለን። ሁላችሁም።› ይህን ሲሉ እኔንም ኤርሜክንም አላዩንም። ወደ ምድጃው ነበር የሚያዩት።»

«ምድጃው ዘንድ ማን ነበር?»

«ጃዝጉል ዳቦ ታወጣ ነበር። አክስትየዋ ቡሩልቻ ሻይ ትቀዳ ነበር።»

ዶክተር ሳማርቤክ በመንደሩ ክሊኒክ ውስጥ እጁን እየታጠበ ነበር። የካሊማን ጥያቄ ሲሰማ ፎጣውን እንደያዘ ቁጭ አለ።

«ምነው ባልነገርኳቸው» አለ። «ግን መደበቅም አይቻልም። ከውጤቱ ግርጌ ፆታን የሚያሳይ መስመር አለ። የወንድ ኤክስ ዋይ ይላል፣ የሴት ኤክስ ኤክስ። ‹አባት› ተብሎ በተላከው ዘንግ ላይ የወጣው ኤክስ ኤክስ ነው። ‹አባባ፣ ይህ ምራቅ የእርስዎ አይደለም። የሴት ነው› አልኳቸው።»

«ላቦራቶሪው ይህን አያይም?»

«ጥሩ ላቦራቶሪ ሥራውን አቁሞ ስልክ ይደውላል፣ እንደገና ናሙና ይጠይቃል። ይኸኛው የመጣለትን አስልቶ አትሞ ይልካል። ስም ያልጠየቀ ፆታ ሊጠይቅ ነው?»

«እሺ፤ ቶልኩን ባዳ የሆነችው ከማታውቃት ሴት ምራቅ ጋር ስለተመሳከረች ነው። የኤርሜክስ? እሱን ልጅ ነው ብለው የለም?»

ሐኪሙ ከሟቹ ኪስ የተገኘውን ወረቀት ከእጇ ተቀበለ። ጣቱ ከላይ ወደ ታች ቁጥሮቹን እየተከተለ ወረደ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«በእያንዳንዱ መስመር ግማሹ ይገጥማል» አለ ቀስ ብሎ። «አንድም የሳተ የለም።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ትናንት እዚህ ድረስ አላሰብኩም ነበር። ለአዛውንቱም ይህን አልነገርኳቸውም።»

«ለማንም አትንገር» አለች ካሊማ።

ስትመለስ የሟቹ እህት ቡሩልቻ ለለቀስተኛ የሚሆነውን ሊጥ በዘይት እየጠበሰች ነበር። ሳታገባ ዕድሜዋን በወንድሟ ቤት ያሳለፈች፣ ጠይም፣ እጆቿ ትላልቅ የሆኑ ሴት ናት። የወንድሟ ሚስት ባትማ ከሞተች ወዲህ ቤቱ በእሷ ላይ ነው የቆመው።

«አላህ ያጽናዎት፣ እትዬ ቡሩልቻ።»

«አሜን» አለች፣ ከድስቱ ሳትዞር። «ፈረሱን ትገድሉታላችሁ?»

«ምነው?»

«ሰዉ ግደሉት እያለ ነው። እሱ ምን በወጣው።»

ካሊማ ደረቅ አይቧን ጉንጯ ውስጥ አዞረች። ቡሩልቻ የበሰለውን ሊጥ ከዘይቱ አወጣች።

«ትናንት ፈረሶቹ ሲገቡ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ሌላ የት እሄዳለሁ።»

«ኤርሜክ ሲወለድስ? ወንድምዎ ሳይቤሪያ ነበሩ ሲባል ሰማሁ።»

የቡሩልቻ እጅ ዘይቱ ላይ ቆመ። «እንጨት ቆረጣ ሄዶ ነበር። መከር ላይ ሄደ፤ ሲመለስ ልጁ ይሮጥ ነበር።»

«ባትማን ማን አዋለዳት?»

«እኔ። ተራራው ላይ፣ የከብቶቹ ሰፈር። ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።» ከዚያ ዞር ብላ ካሊማን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየቻት። «ይህ ከወንድሜ ሞት ጋር ምን አገናኘው?»

«ምንም ላይሆን ይችላል» አለች ካሊማ። «ሊጡ እያረረ ነው።»

በማግስቱ የአስከሬን ምርመራው አልቆ ሰይዳክማት ወደ ግቢያቸው ተመለሱ። በዚያው ጠዋት የካሊማ ሃምሳ አለቃ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ከሚያልፈው የመስኖ ቦይ የኮቴ መዶሻውን አወጣ። ካሊማ ቤተሰቡን ትልቁ ክፍል ውስጥ ሰበሰበች። ኤርሜክና ጃዝጉል ጎን ለጎን፣ ቶልኩን በሩ አጠገብ፣ ቡሩልቻ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ሐኪሙና የጎሣው ሽማግሌ አሳንባይም ተጠርተዋል። ካሊማ ጠረጴዛው ላይ መዶሻውን በፌስታል እንደተጠቀለለ፣ ከጎኑ ደግሞ ያልተከፈቱ የታሸጉ ፖስታዎች አኖረች።

«ፈረሱ አልገደለም» ብላ ጀመረች። «ባዶ እግሩን ያለ ፈረስ እንዲህ ያለ ቁስል አያቆስልም። ይህ መዶሻ ግን ይገጥማል። ገዳዩ ከመታቸው በኋላ ገልብጦ አስተኛቸው፣ ዓይናቸውን ከደነ፣ ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዞረ። ጠላት ይህን አያደርግም። የገደላቸው ሰው ይወዳቸው ነበር።»

ኤርሜክ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን ማለትዎ ነው?»

«ቆይ። ሰይዳክማት በሞቱበት ቀን አንድ ነገር ሰምተዋል፤ በእሳቸው ስም የተላከው ምራቅ የሴት ነው። መስኮት ላይ የነበረውን ዘንግ አንድ ሰው አንሥቶ፣ የራሱን ምራቅ ያለበት አስቀመጠ። በዚህ ቤት ያሉት ሴቶች ሦስት ናቸው።»

ጃዝጉል ብድግ አለች። «ዕቃውን ያዘዝኩ ስለሆንኩ እኔ ላይ ልትለጥፉት ነው። ይኸው፣ እኔ ይህን ቀን ጠብቄ ነበር።»

«ተቀመጪ። ቶልኩን አይደለችም፤ ሰው ራሱን ባዳ ለማስባል አይደክምም። ያውም የእሷ ቢሆን ሁለቱ ዘንጎች አንድ ዓይነት ሆነው በወጡ ነበር። አንቺ ግን ምክንያት አለሽ፤ መንጋው እንዳይከፈል ፈልገሻል። እኔም መጀመሪያ አንቺን ነበር ያሰብኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የባልሽን ውጤት አየሁ። ዶክተር፣ አንተ ንገራቸው።»

ሳማርቤክ ማንንም ሳያይ ተናገረ። «በእያንዳንዱ መስመር እንዲህ ግማሽ በግማሽ የሚገጥመው ወላጅና ልጅ ነው። ላቦራቶሪው ‹አባት› የሚል ፖስታ ላይ አይቶ አባት አለ። ግን ያ ምራቅ የሴት ነው።»

ውጭ ድንኳኑ ውስጥ የሚያለቅሱት ሴቶች ድምፅ ብቻ ይሰማል። ነገሩ መጀመሪያ የገባት ጃዝጉል ነበረች፤ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ሴት ሆና ወላጅ የምትሆን አንዲት ናት» አለች ካሊማ። «እናት። ኤርሜክ፣ ባትማ ከሞተች ስንት ዘመኗ ነው። የሞተ ሰው ምራቅ መስኮት ላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ የወለደችህ ሴት በሕይወት አለች። ያን ቀን እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች። አባትህ እንዲመረመር አልፈለገችም፤ ምክንያቱም የእሳቸው ምራቅ ከአንተ ጋር እንደማይገጥም ታውቃለች። የራሷ ግን ይገጥማል።»

ማንም ወደ መስኮቱ መዞር አልደፈረም።

«ትናንት ሰው ሁሉ ፈረሱን ሲረግም፣ አንዲት ሴት ብቻ ‹እሱ ምን በወጣው› አለችኝ። ፈረሱ ንጹሕ መሆኑን የምናውቀው እኔ፣ ኤርሜክና ገዳዩ ብቻ ነበርን። ኤርሜክ፣ ለአክስትህ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም» አለ ኤርሜክ። ድምፁ ከሩቅ የመጣ ይመስል ነበር።

ካሊማ አንዱን የታሸገ ፖስታ ወደ መስኮቱ ገፋችው። «እትዬ ቡሩልቻ፣ ይህ ከቢሽኬኩ ላቦራቶሪ የመጣ የናሙና መውሰጃ ነው። ፓስፖርትዎን አያለሁ፣ አባባ አሳንባይና ዶክተሩ ይመሰክራሉ፣ እርስዎ ፊት ይታሸጋል። እዚያ ምራቅ አይቀያየርም። ካልኩት የተለየ ከወጣ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ቡሩልቻ ፖስታውን በጣቷ ነካችና መልሳ ገፋችው።

«አያስፈልግም» አለች።

ከዚያ ለካሊማ ሳይሆን ለኤርሜክ ተናገረች።

«ባትማ አልወልድ ብላ ነበር። እኔ ደግሞ ያላገባሁ ልጅ ነበርኩ። አንድ ካርታ የሚያነሣ መሐንዲስ በጋውን ከእኛ ጋር ሰፈረና ሄደ፤ ያስቀረውን አላወቀም። ወንድሜም ወደ ሳይቤሪያ ሄደ። እሷ ሆዷ እንዲያድግ ጨርቅ ጠመጠመች፤ እኔ ሆዴ እንዳይታይ በጨርቅ አሰርኩት። ተራራው ላይ ወለድኩህ፤ ለእሷ አቀበልኳት። ጡቴ እስኪደርቅ ሌላ ሰፈር ተቀመጥኩ። ከዚያ ተመልሼ አክስትህ ሆንኩ።»

ኤርሜክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሚስትህ ያን ዕቃ ስታመጣ ነፍሴ ወጣች። ሲደርቅ ለውጬው ተረፍን ብዬ ነበር። ያንን የፆታ መስመር ማን ያውቃል? ወንድሜ ከሐኪሙ በተመለሰበት ዕለት ጋጣ ውስጥ ጠራኝና ‹ምራቁን የቀየርሽው አንቺ ነሽ ወይስ ጃዝጉል?› አለኝ። ነገ ላቦራቶሪ ከሚነግረው እኔ ልንገረው አልኩ። እግሩን ይዤ ለመንኩት። ‹አሳድገኸዋል፣ ተሸክመኸዋል፣ ምን ጎደለብህ?› አልኩት። ‹የመንገድ ልጅ ሰባት ትውልድ አባቶቼን የእኔ ዘር ብሎ አይቆጥርም። ነገ በጎሣው ፊት እናገራለሁ፤ በሬንም አይረግጥም› አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የፈረሱን ኮቴ ማየት ጀመረ። ነገሩ ያለቀ ይመስል። መዶሻው እጄ አጠገብ ነበር።»

«እና ዓይናቸውን?» አለች ካሊማ።

«ወንድሜ አይደል?» አለች ቡሩልቻ፣ ጥያቄው አስገርሟት።

ሃምሳ አለቃው ክንዷን ያዘ። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመችና «ኤርሜክ» አለች። ኤርሜክ ጀርባውን ሰጥቷት ግድግዳውን እያየ ቀረ። ሁለተኛ አልጠራችውም።

ከታችኛው መንደር የመጡ ፈረሰኞች በሩ ላይ ደርሰዋል። እንደ ወጉ ከሩቁ እያለቀሱ ነው የሚመጡት፤ በድንኳኑ በር ላይ ደግሞ ተቀብሎ የሚያለቅስላቸው የሟች ልጅ መቆም አለበት። ሽማግሌው አሳንባይ ዱላቸውን ይዘው ከኤርሜክ ወደ ቶልኩን፣ ከቶልኩን ወደ ኤርሜክ አዩ።

«ሰው ደርሷል» አሉ። «ማን ይቁም?»

ቶልኩን ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «ልጃቸው ይቁም እንጂ» አለች። «እኔ ከሴቶቹ ጋር እገባለሁ። ያሳደጉት እሱን ነው።»

ኤርሜክ ከግድግዳው ዞረ። ከዚያ ባርኔጣውን አጠለቀና ማንንም ሳያይ ወጣ። በፖሊሱ መኪና አጠገብ አለፈ፤ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ቀና ብሎ አላያትም። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ፣ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ አጎንብሶ «አባቴ፣ ወየው አባቴ» ብሎ ጮኸ። ፈረሰኞቹ ከፈረስ ወርደው «አባታችን» እያሉ ወደ እሱ መጡ፤ አንድ በአንድ አቀፉት።

ቡሩልቻ መኪናው ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰማች። እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ፣ የቀን ሥራዋን እንደ ጨረሰች ሴት ወንበሩን ተደገፈችና ለሃምሳ አለቃው «በል እንሂድ፣ ልጄ» አለችው።